የቆሽት ሁለተኛው ፈሳሽ

በጎንደር ሆስፒታል የስኳር ሕመምተኞችን የሚከታተሉ ሐኪሞች ለዓመታት ሲያወጡትና ሲያወርዱት የኖሩት ጉዳይ ነበር። ከዙሪያው ገጠር የሚመጡት ሕመምተኞች የሕክምና መጽሐፉ የሚገልጻቸውን ሰዎች አይመስሉም። ኢንሱሊን ካልተወጉ የማይሰነብቱ ናቸው። እንዲህ ያለው የስኳር በሽታ አንደኛው ዓይነት የሚባለው ሲሆን፣ በአውሮፓ መጻሕፍት በአመዛኙ የሚነገርለት ሕፃናትንና ለጋ ልጆችን በመያዝ ነው። ጎንደር የሚመጡት ግን ብዙዎቹ ሃያዎቹን ያጋመሱ ገበሬዎች ናቸው። ወንዶቹ ከሴቶቹ ይበዛሉ፤ ቁመታቸው አጠር፣ ትከሻቸው ጠበብ፣ ሰውነታቸው ከሳ ያለ ነው። የውሃ ጥማቱና የሽንቱ ብዛት እንደማንኛውም የስኳር ሕመምተኛ ነው፤ አልገጥም ያለው የሰውየው ዕድሜና ቁመና ነው።

ነገሩን ከአዲስ አበባው ሲኤምሲ ሆኖ ለሚያየው ደግሞ ጭራሽ ይገለበጥበታል። በዚህ ሰፈር «ስኳር አለበት» ሲባል ቀድሞ ትዝ የሚለው ቦርጭ ነው፦ ቀኑን መኪናና ቢሮ ውስጥ የሚውል፣ አርባን የተሻገረ፣ የሳምንቱ መጨረሻ ያለ ሥጋና ቢራ የማያልፍለት ሰው። ከፋርማሲ የስኳር መለኪያ ገዝቶ ማለዳ ጣቱን የሚወጋውም እሱ ነው። የዚህ ሰው ሕመም ሁለተኛው ዓይነት የሚባለው ነው፤ ቆሽቱ ኢንሱሊን አላጣም፤ ቢያንስ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ያመነጫል፤ ሰውነቱ ግን አይታዘዝለትም። የጎንደሩ ገበሬ ሰውነት ይታዘዛል፤ የጠፋው ኢንሱሊኑ ነው። ሁለቱ በአንድ ስም ይጠሩ እንጂ ችግራቸው ተቃራኒ ነው።

የገበሬው ኢንሱሊን የት ሄደ? ጥያቄው ጎንደር ላይ ከመነሳቱ በፊት ረጅም መንገድ መጥቷል። መነሻው ጨጓራ ሥር የተጋደመች፣ 15 ሴንቲ ሜትር ገደማ የምትረዝም፣ ክብደቷ 100 ግራም የማይሞላ፣ ቆሽት የምትባል አንዲት ዕጢ ናት። (ከዚህ በታች ያሉት ዘመናት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

የቪርሱንግ ቧንቧ

ማርች 2 ቀን 1642 በጣሊያኗ ፓዱዋ፣ ዮሐን ጊዮርግ ቪርሱንግ የሚባል ጀርመናዊ የአካል ክፍሎች ተመራማሪ በሞት የተቀጣ ሰው አስከሬን ከፍቶ ይመረምር ነበር። ቆሽቱን ሲገልጠው በመሐሉ ከጫፍ እስከ ጫፍ የተዘረጋ፣ ወደ ትንሹ አንጀት መነሻ የሚከፈት ቀጭን ቧንቧ አገኘ። እስከዚያ ድረስ ብዙዎቹ ሊቃውንት ቆሽትን ጨጓራ የሚደገፍበት ልስልስ ሥጋ አድርገው ነበር የሚቆጥሩት። ቧንቧ ካለ ግን የሚፈስ ነገር አለ ማለት ነው።

ቪርሱንግ ያየውን በመዳብ ሰሌዳ አስቀርጾ ኅትመቱን ለታወቁ ሊቃውንት ላከ። በፓሪስ ለነበረው ለዣን ሪዮላን በጻፈው ደብዳቤ የጠየቀው ጥያቄ ቀላል ነበር፦ ይህ ደም ወሳጅ ነው ወይስ ደም መላሽ? ደም አንድም ቀን አላገኘበትም፤ ያገኘው ደፍረስ ያለ ፈሳሽ ነው። መልሱን ለመስማት አልታደለም፤ ኦገስት 22 ቀን 1643 ምሽት ፓዱዋ ውስጥ በተተኮሰበት ጥይት ተገደለ። ቧንቧው ግን እስከ ዛሬ በስሙ ይጠራል።

ፈሳሹን በሕይወት ካለ እንስሳ ለመቅዳት የደፈረው ሆላንዳዊው ሬይኒር ደ ግራፍ ነበር። በ1664 የዳክዬ ላባ አገዳ አንድ ውሻ ቧንቧ ውስጥ ሰክቶ፣ ጫፉ ላይ ትንሽ ብልቃጥ አስሮ ጠብታውን አጠራቀመ። ፈሳሹ ኮምጣጣ ነው ብሎ ደመደመ። በዚህ ተሳስቷል፤ የቆሽት ፈሳሽ የአሲድ ተቃራኒ ነው። ሆኖም ዕጢ ፈሳሽ እንደሚያመነጭ፣ ፈሳሹም ተቀድቶ ሊለካ እንደሚችል አሳየ።

ዛሬ መጠኑም ሥራውም ይታወቃል። ክትፎ ለብለብ አዝዞ የተቀመጠ ሰው የቅቤው ሽታ ሲደርሰው ምራቁ ይሞላል፤ ጨጓራውም ያን ጊዜ ሥራ ጀምሯል። የምራቅ ዕጢዎች በቀን ከ1 እስከ 1.5 ሊትር ያመነጫሉ። ምራቅ ውስጥ ያለው አሚሌዝ የቆጮውን ስታርች እዚያው አፍ ውስጥ መቆራረጥ ይጀምራል። በጨጓራ ግድግዳ ያሉት ጥቃቅን ዕጢዎች 2 ሊትር ገደማ አሲድና ፔፕሲን ይጨምራሉ፤ የሥጋው ፕሮቲን መፈታት የሚጀምረው በዚህ ነው። ጉበት ያዘጋጀው ሐሞት ከከረጢቱ ወጥቶ ቅቤውን ወደ ጥቃቅን ጠብታዎች ይበትነዋል። ከዚያ የቆሽት ተራ ይደርሳል። በቀን ከ1 እስከ 1.5 ሊትር የሚሆነው ፈሳሹ በባይካርቦኔት ከጨጓራ የመጣውን አሲድ ያበርዳል፤ በላይፔዝ ስቡን፣ በአሚሌዝ ስታርቹን፣ በትሪፕሲን ፕሮቲኑን ይቆርጣል። የዕጢዎቹ ፈሳሽ ሁሉ ሲደመር በቀን 7 ሊትር ያህል ወደ አንጀት ይገባል፤ አንጀት አብዛኛውን መልሶ ይመጠዋል።

ከእነዚህ ሁሉ አደገኛው የቆሽት ፈሳሽ ነው። ፕሮቲን የሚቆርጥ ኢንዛይም የራሱን እናት ዕጢ ከመቁረጥ አይመለስም። ስለዚህ ቆሽት ትሪፕሲንን የሚያወጣው በማይሠራ መልኩ ነው፤ ሥራ የሚያስጀምረው አንጀት ውስጥ የሚጠብቀው ሌላ ኢንዛይም ነው። ይህ ሥርዓት ተፋልሶ ኢንዛይሙ እዚያው ቆሽት ውስጥ ከነቃ ዕጢው ራሱን መፍጨት ይጀምራል፤ ሐኪሞች አጣዳፊ የቆሽት ብግነት የሚሉት ሕመም ይከተላል። ይህ የመፍጨት ኃይል ከሁለት ምዕተ ዓመት ተኩል በኋላ ኢንሱሊን ፈላጊዎችን ሲያደናቅፍ እናገኘዋለን።

የተራቡት ጥንቸሎች

በ1846 ፓሪስ ውስጥ ክሎድ ቤርናር ከገበያ የመጡ ጥንቸሎችን ሽንት ሲያይ አንድ ነገር ገረመው። ሣር በል እንስሳ ሽንቱ ደፍራሳና ከአሲድ የራቀ ነው፤ የእነዚህ ግን እንደ ሥጋ በል ጥርት ያለና አሲድ የበዛበት ነበር። ቤርናር ምክንያቱን ጠረጠረ፦ ጥንቸሎቹ ምግብ ሳይቀምሱ ቆይተዋል፤ ከውጭ የሚገባ ሲያጡ የራሳቸውን ሥጋ እየበሉ ነው። ሣር ሲሰጣቸው ሽንታቸው ደፈረሰ፤ ሲያስርባቸው መልሶ ጠራ።

ግምቱን ለማጽናት ሥጋ አበላቸውና ሆዳቸውን ከፍቶ አየ። ስብ የተሸከሙት ነጫጭ መስመሮች ከአንጀት የሚነሱት እሱ ከጠበቀው ቦታ በጣም ዝቅ ብሎ ነበር። ጥንቸል ላይ የሐሞት ቧንቧ አንጀት መነሻ ላይ ሲከፈት፣ የቆሽት ቧንቧ የሚከፈተው ከዚያ ብዙ ወርዶ ነው። ነጩ መስመር የሚጀምረውም ልክ ከእሱ በታች ነው። እንግዲህ ስብ እንዲፈጭ ሐሞት ብቻውን አይበቃም፤ የቆሽት ፈሳሽ ያስፈልጋል። ቤርናር ይህን ያገኘው ቆሽትን ሲፈልግ አልነበረም፤ የጥንቸል ሽንት መጥራት ነው የመራው።

የተራበ ሰውነት ራሱን ይበላል የሚለውን ማስተዋሉን ግን አብረን እንያዘው። ኢንሱሊን ያጣ ሰው ደሙ ስኳር ሞልቶት ሕዋሳቱ ይራባሉ። እንደዚያ ጥንቸል የራሱን ስብና ጡንቻ ማንደድ ይጀምራል፤ እየበላ ይከሳል። ስለዚህ ጎንደር ላይ አንድ ከሲታ ሰው የስኳር ሕመምተኛ ሆኖ ሲገኝ፣ ክሳቱ በሽታውን አመጣ ወይስ በሽታው ክሳቱን የሚለው በዓይን አይለይም።

ቧንቧ የሌለው

በ1869 በርሊን ውስጥ ፓውል ላንገርሃንስ የሚባል የ21 ዓመት ወጣት ለዶክትሬት ማሟያ ቆሽትን በማይክሮስኮፕ መረመረ። ፈሳሽ አመንጪ ሕዋሳት መሐል፣ እዚህም እዚያም ተሰባስበው የቆሙ፣ ከቧንቧው ጋር የማይገናኙ ሌላ ዓይነት ሕዋሳት አየ። ሥራቸው ምን እንደሆነ እንደማያውቅ በግልጽ ጻፈ። ከ24 ዓመት በኋላ ፈረንሳዊው ጉስታቭ ኤድዋር ላጌስ የላንገርሃንስ ደሴቶች ብሎ ሰየማቸው። ቆሽት ውስጥ 1 ሚሊዮን ያህል አሉ፤ ሁሉም ተደምረው ግን ከዕጢው ክብደት 1 ወይም 2 በመቶ ቢሆኑ ነው።

በ1889 ስትራስቡርግ ላይ ዮሴፍ ፎን ሜሪንግና ኦስካር ሚንኮቭስኪ ስለ ስብ መፈጨት ሲወያዩ ቆሽት የሌለው እንስሳ ምን ይሆናል የሚል ክርክር ተነሳ። ሚንኮቭስኪ የአንድ ውሻ ቆሽት አውጥቶ ሞከረ። ውሻው ያለማቋረጥ መሽናት ጀመረ፤ ሽንቱ ሲመረመር በስኳር የተሞላ ነበር። ስብን ሊያጠኑ ተነስተው የስኳር በሽታ በእጃቸው ሠሩ።

ሚንኮቭስኪ እዚህ አላቆመም። በሌላ ሙከራ ከአንድ ውሻ ቆሽት ቁራጭ ወስዶ ቆዳው ሥር ተከለና የቀረውን ቆሽት አወጣ። ቁራጩ ከአንጀት ጋር የሚያገናኘው ቧንቧ የለውም፤ ምግብ ሊፈጭ አይችልም። ስኳሩ ግን አልመጣም። የተተከለውን ቁራጭ ሲያወጣው ውሻው ወዲያው ታመመ። እንግዲህ ቆሽት በቧንቧው ከሚያፈሰው ሌላ በቀጥታ ወደ ደም የሚያገባው ነገር አለው። ቪርሱንግ ቧንቧውን ካየ 247 ዓመት ሆኖታል፤ በዚህ ሁሉ ጊዜ ተመራማሪው ሁሉ ዓይኑን የጣለው ቧንቧው ላይ ነበር።

ጃንዋሪ 16 ቀን 1902 ለንደን ውስጥ ዊልያም ቤይሊስና ኧርነስት ስታርሊንግ ነገሩን ከሌላ በኩል አገኙት። በጊዜው የሩሲያው ኢቫን ፓቭሎቭ የምግብ መፍጫ ዕጢዎች የሚታዘዙት በነርቭ ነው ብሎ ያስተምር ነበር። ሁለቱ እንግሊዛውያን የአንድ ውሻ አንጀት ቁራጭ ነርቮች ቆርጠው አሲድ ጨመሩበት፤ ቆሽቱ እንደወትሮው አፈሰሰ። የአንጀቱን ውስጠኛ ሽፋን ከአሲድ ጋር ፈጭተው፣ አጣርተው በደም ሥር ሰጡት፤ አሁንም ቆሽቱ አፈሰሰ። አንጀት በደም በኩል ለቆሽት መልእክት ይልካል ማለት ነው። መልእክቱን ሴክሬቲን አሉት፤ ስታርሊንግ በ1905 ለእንዲህ ያሉት ንጥረ ነገሮች ሁሉ ሆርሞን የሚለውን የወል ስም ሰጠ። ፓቭሎቭ ሙከራውን በራሱ ቤተ ሙከራ አስደግሞ ሲያይ ልክ መሆናቸውን አምኖ ተቀበለ።

ቆሽት ወደ ደም የሚያገባውን የደሴቶቹን ሆርሞን፣ ኢንሱሊንን፣ ለማውጣት ብዙዎች ሞክረው ከሸፈባቸው። የካናዳው ፍሬድሪክ ባንቲንግ በ1920 መገባደጃ ምክንያቱን ጠረጠረ፦ ቆሽት ሲፈጭ ፕሮቲን ቆራጩ ፈሳሽ ከደሴቶቹ ፈሳሽ ጋር ይቀላቀላል፤ አንዱ ሌላውን ይበላዋል። ቧንቧውን አስሮ ምግብ ፈጪው ክፍል እስኪከስም መጠበቅ ነው ብሎ አሰበ። በ1921 በጋ ቶሮንቶ ውስጥ ከቻርልስ ቤስት ጋር፣ በጆን ማክላውድ ቤተ ሙከራ ሥራውን ጀመረ። ሰው ላይ የሚሠራ ንጹሕ መድኃኒት ያደረገው ግን ጄምስ ኮሊፕ በአልኮል ያጣራበት ዘዴ ነው። ጃንዋሪ 11 ቀን 1922 የ14 ዓመቱ ሌናርድ ቶምሰን የመጀመሪያውን መርፌ ተወጋ፤ ብዙም አልረዳው። ኮሊፕ ያጣራውን ጃንዋሪ 23 ቀን ሲወጋ ስኳሩ ወረደ። ልጁ ሆስፒታል ሲገባ ክብደቱ 30 ኪሎ ገደማ ብቻ ነበር።

እንደገና ጎንደር

ኢንሱሊን ከተገኘ በኋላ ጥያቄው ደሴቶቹን የሚያጠፋው ምንድን ነው ወደሚለው ዞረ። ለአንደኛው ዓይነት የተገኘው መልስ የሰውነት መከላከያ የገዛ ደሴቶቹን እንደ ጠላት ቆጥሮ ያወድማል የሚል ነው። የጦርነቱ ምልክት ደም ውስጥ የሚገኙ ፀረ እንግዳ አካላት ናቸው።

ከሞቃታማ አገሮች ግን ሌላ ወሬ ይመጣ ነበር። በ1955 ፊሊፕ ሂው ጆንስ ጃማይካ ውስጥ ከታወቁት ሁለት ዓይነቶች ጋር የማይመደቡ፣ ከሲታ ወጣት ሕመምተኞችን ገለጸ። በ1985 የዓለም ጤና ድርጅት «ከምግብ እጥረት ጋር የተያያዘ የስኳር በሽታ» የሚል ራሱን የቻለ ምድብ አወጣ። በ1999 ምድቡን ሰረዘው፤ የምግብ እጥረት ለብቻው የስኳር በሽታ እንደሚያመጣ በቂ ማስረጃ የለም ተባለ።

ምድቡ ከመዝገብ ቢወጣም ሕመምተኞቹ ጎንደር መምጣታቸውን አልተዉም። የውስጥ ደዌ ሐኪሟ ሽታዬ አለሙና ባልደረቦቿ፣ በ1960ዎቹ አዲስ አበባ ያስተማረውና በ1988 ከኢትዮጵያ ጋር ብዙ የሠራውን የሐሩር አገሮች ጤናና ትምህርት ድርጅት ያቋቋመው ዌልሳዊው ሐኪም ኤልድሪድ ፓሪም አብሯቸው፣ በጎንደርና በጅማ ዙሪያ የስኳርና የሌሎች ሥር የሰደዱ በሽታዎችን ክትትል ወደ ገጠር ጤና ጣቢያዎች አወረዱት። ቀን ሙሉ በእግር ተጉዞ ሆስፒታል ይመጣ የነበረ ሰው ሰፈሩ አጠገብ ነርስ ታየው ጀመር። ይህ ለሕክምና የተደረገ ነው፤ ግን የሕሙማን መዝገብ ወለደ፤ መዝገቡም ሳይንስ ሆነ።

በ2009 ዲያቤቶሎጂያ በተባለው መጽሔት ባወጡት ጽሑፍ የገጠሩን ሕመምተኞች ገጽታ አስፍረው፣ የተዘጋው የምግብ እጥረት ፋይል እንደገና ይከፈት ወይ ብለው ጠየቁ። በቀጣዩ ዓመት የወጣው ጥናት ያንን የክሳት ቋጠሮ ለመፍታት የሞከረ ነው። ክብደት በበሽታው ሊቀንስ ይችላል፤ አጥንት ግን አያጥርም። ስለዚህ ከመቶ በላይ ሕመምተኞችን የስኳር በሽታ ከሌለባቸው ጋር አወዳድረው ቁመትን፣ ተቀምጠው የሚለኩትን ቁመት፣ የትከሻና የዳሌ ስፋትን ለኩ። ሕመምተኞቹ በእነዚህ ሁሉ አነሱ። በሽታው ከድህነት፣ ካለመማር፣ ለዕለት ጉርስ ብቻ ከማረስ ጋር ተያይዞ ተገኘ። እጥረቱ ገና ልጅ ሳሉ የጀመረ፣ ከስኳሩ የቀደመ ነበር ማለት ነው።

ብዙ ተመራማሪ እዚህ ሲደርስ ጉዳዩ አለቀ ይላል። እነ ሽታዬ ግን ደም ወደ መመርመር ሄዱ። በ2020 በዚያው መጽሔት የታተመው ሥራቸው በሰሜን ምዕራብ ኢትዮጵያ ገጠር፣ ዕድሜያቸው እስከ 35 ዓመት የሆነና በቅርቡ የታመሙ 236 አማሮችን ከ200 ጤነኞች ጋር ያወዳደረ ነው። ሲ-ፔፕታይድን ለኩ፤ ይህ ቆሽት ኢንሱሊን ባመነጨ ቁጥር አብሮ የሚለቀው ቁራጭ ስለሆነ ዕጢው በራሱ ምን ያህል እንደሚሠራ ይናገራል። ፀረ እንግዳ አካላትን ፈለጉ። ዘረ መልንም መረመሩ።

ውጤቱ የራሳቸውን ጥርጣሬ ገጨው። በሽታው እስከ 15 ዓመታቸው ከጀመራቸው 86.1 በመቶው የመከላከያ ጦርነት ምልክት ተገኘባቸው። ከ16 እስከ 25 ከጀመራቸው 59.7 በመቶ፣ ከ26 እስከ 35 ከጀመራቸው ደግሞ 50 በመቶ። በአውሮፓ ለአንደኛው ዓይነት የሚያጋልጡት ኤችኤልኤ የሚባሉ የዘር ምልክቶች እዚህም በሕመምተኞቹ ላይ በዝተው ታዩ። አብዛኞቹ እንግዲህ በመከላከያ ስህተት የሚመጣው በሽታ ነው የያዛቸው። ምግብ ያጠረው ሰውነታቸው ዓይንን አሳስቶ ነበር፤ ቢሆንም ምልክቱ የተገኘው በሁሉም ላይ አይደለም። የሲ-ፔፕታይዱ መጠን ዝቅ ያለ እንጂ ጨርሶ የጠፋ አልነበረም፤ በሽታው ልጅነትን አልፎ መምጣቱም ማብራሪያ አላገኘም። ጸሐፊዎቹም ከአውሮፓው የሚለየው ገጽታ ገና እንዳልተፈታ በግልጽ አስፍረዋል፤ ልክ ላንገርሃንስ በ1869 እንዳደረገው።

ጉዳዩ ከዚያ ወዲህ ፍጥነት ጨምሯል። በ2022 በሕንድ ቬሎር የተደረገ ጥናት ከሲታ የሆኑ፣ ለኢንሱሊን ጥሩ ምላሽ የሚሰጡ፣ ግን በጣም ጥቂት የሚያመነጩ ሕመምተኞችን ከሁለቱም የታወቁ ዓይነቶች ለይቶ አሳየ። በኤፕሪል 2025 ባንኮክ ላይ የዓለም አቀፉ የስኳር በሽታ ፌዴሬሽን ከምግብ እጥረት ጋር ለተያያዘው የስኳር በሽታ አምስተኛው ዓይነት ብሎ እውቅና ሰጠው። በዚያው ዓመት ከካሜሩን፣ ከኡጋንዳና ከደቡብ አፍሪካ የመጣ ጥናት አንደኛው ዓይነት አለባቸው ተብለው ከታከሙ 894 ሰዎች 65 በመቶዎቹ ፀረ እንግዳ አካል እንደሌላቸው ዘገበ። ከጎንደሩ ጋር ሲተያይ አፍሪካ አንድ መልስ እንደሌላት ይታያል።

ክርክሩ የሊቃውንት የስም ጨዋታ አይደለም። ገጠር ላለው ሕመምተኛ ዛሬ የሚያስፈልገው በየትኛውም ስም ቢጠራ ኢንሱሊን፣ ምግብና ቅርብ ጤና ጣቢያ ነው። ሰውነቱ ለኢንሱሊን ንቁ ስለሆነና የሚበላው በየቀኑ እኩል ስላልሆነ፣ ለከተማ ሰው የተለመደው መጠን ስኳሩን ከሚገባው በታች አውርዶ ሊጥለው ይችላል። መጠኑ ከማዕዱ ጋር መመዘን አለበት። ሲኤምሲ ላለ ክሊኒክም ትምህርቱ ይደርሳል፤ ከገጠር ሥራ ፍለጋ የመጣ ቀጭን ወጣት እዚያ ወንበር ላይ ሲቀመጥ ቅጥነቱ ብቻ የበሽታውን ዓይነት አይናገርም፤ ደሙ መጠየቅ አለበት።

ዋናው ጥያቄ ግን ከሃያ አምስት ዓመት ዕድሜያቸው በኋላ ከታመሙት ግማሾቹ ላይ ቆሟል። ምልክቱ ያልተገኘባቸውን ሰዎች ደሴቶች ያደከማቸው ምንድን ነው? ምልክቱ ነበረና ጊዜ አጠፋው? ወይስ በጽንስና በሕፃንነት የደረሰ የምግብ እጥረት ከመጀመሪያውም ጥቂት ደሴት ይዘው እንዲያድጉ አደረጋቸው? የመጀመሪያው እውነት ከሆነ መፍትሔው የመከላከያን ስህተት ከሚያጠኑ ቤተ ሙከራዎች ይመጣል። ሁለተኛው ከሆነ ግን የስኳር በሽታ መከላከል የሚጀምረው ከነፍሰ ጡር እናትና ከሕፃን ማዕድ ነው፤ ሥራውም ከሆስፒታሉ ይልቅ የቀበሌው ጤና ኬላ ይሆናል።